የጉንጬ ሽፍታ

መጀመሪያ ሰሞን፣ ጉንጬ ላይ ሲወጣ፣
ብርድ ነው አልኩ እኔ፣ ከጠባሴ የመጣ።
የደብረ ብርሃን ንፋስ ስንቱን ፊት ይገርፋል!
የኔን በምን ይለየዋል? ሰሞኑን ነው፣ ያልፋል።

ሰሞኑ ዓመት ሆነ።

እትዬ ማንያህልሽ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹልኝ፤
አክስቴ ከመንዝ በሃይላንድ ጠበል ላከችልኝ።
ልቤን አሳረፈው፣ አልዋሽም። ጉንጬን ግን አልነካም።

የገበያዋ ልጅ ቱቦ ሸጠችልኝ፣ ቅባት፣ ስሙ የተፋቀ፤
በሦስተኛው ማታ ፊቴ እንደ ሕፃን ፊት ደመቀ።
ቱቦው ባለቀ ሳምንት ግን ጭፍራውን ሰብስቦ
ወረደ ተመልሶ፣ አገጬን ከብቦ።
ዳግም ገዛሁ። ጠፋ። ዳግም መጣ።
ቆዳዬ ሳሳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፤ የደም ሥሬ ወጣ።

ሥራዬ ፎቶ ቤት ነው፣ መናኸሪያው አጠገብ፤
የሰው ፊት አጠራለሁ፣ ለመታወቂያ፣ ለሠርግ ካርድ፣ ለእድር መዝገብ።
የሙሽራዋን ብጉር፣ የሹፌሩን ማድያት
በአንዲት ጠቅታ ጥርግ፤ እንዳልነበረ፣ ከመሠረት።
የራሴን የሚያጠራ ቁልፍ ግን ፈልጌ አጣሁ፤
ከካሜራው ጀርባ ቆሜ ሻሼን እስከ ዓይኔ አመጣሁ።

በስንት ቀጠሮ ተራዬ ደረሰ።
ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መነፅሩን አውልቆ ጉንጬን ዳሰሰ።
«ቱቦውን ጣይው» አለኝ። «መጀመሪያ ይብሳል፤
ወር ሁለት ወር ቻይው፤ ቀስ እያለ ይመለሳል።
ነቅሎ አይጠፋም ይሄ። ይያዛል ግን። ደብተር ግዢ፤
ምን ሲነካው እንደሚቆጣ እየጻፍሽ ያዢ።»

ማክሰኞ። ቀይ ወጥ፣ ሚጥሚጣ ጣል አድርጌ። ማታውን ነደደ።
ዐርብ። አልጫ ሽሮ፣ ለብ ያለ ሻይ። ምንም አልወረደ።
እሑድ። ሠርግ ቤት፣ አንድ መለኪያ አረቄ።
ሰኞ መስታወት አላየሁም፣ ፈርቼ፣ ተሳቅቄ።
ሐሙስ። ምንም አልቀመስኩ፤ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ነው የዋልኩት፤
ለካ ንዴቴም ስንቁ ኖሯል፤ እኔው ነኝ የቀለብኩት!

አባቴ ይል ነበር፣ ድሮ ጣርማ በር ገደል ሽፍታ ሲሸምቅ፣
«በጥይት አይወርድም ልጄ፤ ይወርዳል ስንቁ ሲያልቅ።»

ስንቁን ቆረጥኩ እንግዲህ። በርበሬ ተውኩ፣ ያውም የሸዋ ሴት ሆኜ፤
እናቴ «ፋሲካ በአልጫ?» አለች፤ ሳቅኩ፣ ጉንጬን በመዳፌ ሸፍኜ።
ሻዬን አቀዘቅዛለሁ፤ ሰው ሲጨርስ እጀምራለሁ።
ሰፊ የወንድ ባርኔጣ ገዛሁ። «ፈረንጇ» ይሉኛል፤ አቤት እላለሁ።
በለብታ ውኃ እታጠባለሁ፣ ሳልቧጥጥ፣ ሳልፈትግ፤
በነጠላ ጫፍ ጠብ ጠብ፣ የሕፃን ዕንባ እንደሚጠረግ።
ከአለቃዬ ጋር የተጋጨሁ ዕለት፣ መልሴን ዋጥ አድርጌ
እስከ በሬሳ ወንዝ እሄዳለሁ በእግሬ።

ኅዳር ላይ ግን፣ ውርጩ ሲጠና፣
ይወርዳል፤ አፍንጫዬ ግራና ቀኝ እሳት ያነዳል እንደገና።
ደብተሬን እገልጣለሁ፤ ማን ቀለበው? እላለሁ።
መልስ የማላገኝበት ቀን አለ። ቀኑን ብቻ እጽፋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ መጣች፣ ከደብረ ሲና፣ ለመታወቂያ፤
ነጠላዋ እስከ ዓይኗ። ገባኝ ገና ከመግቢያ።
ከካሜራው ጀርባ ወጣሁ፤ ሻሼን ፈታሁ።
አየችኝ። ቆየች። ነጠላውን ለቀቀች። አነሣሁ።

ፎቶዋ ስክሪኑ ላይ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣
«ላጥፋው?» አልኳት፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ተዘርግቶ።
«ኧረ ሁሉንም አይደለም» አለች፣ «እናቴ እንዳትስተኝ።
ብቻ...» አለች፣ «ትንሽ ቀንሺልኝ።»

ቀነስኩላት።